ከድንጋዩ እስከ ላጋው

አምና ክረምቱ ሊገባ ሰሞን ነው። ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ትንሽ እርድም ሸምቼ በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የተቃጠለ የመኪና ፍሪሲዮን ሽታ። የማያውቅ ሰው ጎማ ተቃጠለ ይላል፤ የጎማ ሽታ ሌላ ነው። ፍሪሲዮን ሲቃጠል ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ፣ ውሃ ቢጠጡበትም የማይወርድ ነገር አለው። ይህን ሽታ የተዋወቅሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ነው፤ አሁን ሰባን አልፌያለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሀል ግን አንድም ቀን አልሸተተኝም ነበር። ባጃጁን የሚነዳው ሰውዬ በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ሸተተሽ አይደል ቲቸር? የረምዚ መኪና ናት። አሁን በዚህ አለፈች፤ ወላሂ አስፋልቱን ነው ያቃጠለችው። እሁድ ትመጪያለሽ አይደል? ሰዓቱን አንቺ ካልያዝሽ ሙክታር አይቀበልም እየተባለ ነው» አለኝ። ረምዚ የወንድሜ የሙክታር የልጅ ልጅ ነው። ሙክታር ደግሞ ከእኔ ቤት አንድ ግንብ አጥር የሚለየው፣ በቀን ሦስቴ የማየው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የቤቴን ነገር ከባጃጅ ሰማሁ።

ቲቸር የሚሉኝ የስፖርት አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። የዚህ ከተማ ግማሹ በእኔ ፊሽካ ሮጧል፤ ዛሬ ሆድ አውጥተው ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡትን ሳይ ማን ቀድሞ ይደክም እንደነበር በስም አውቃለሁ። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም። ከደጋ የመጣ እንግዳ ሕፃን ልጅ አሮጊትን «አንቺ» ሲል ሰምቶ ይደነግጣል፤ እኛ ግን ለፈጣሪም «አንተ» ነው የምንለው፣ ለሰው ምን ተርፎን ነው። ለማንኛውም፣ ወንድሜ የእኔ እጅ ካልያዘው አልቀበልም ያለው ሰዓት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

ያን ጊዜ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተነስተው አናት ለአናት ይነካኩ ነበር፤ ሰው በቀትር ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው በጥላ ብቻ መሄድ ይችላል። ሥሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ሳምቡሳ በልቶ፣ ጋሪ ተሳፍሮ ይመለሳል። ወንዶቹ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ናይለን ሸሚዝ ለብሰው፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ አጥልቀው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው ማዕዘን ማዕዘን ላይ ይቆማሉ። በዚያ ሙቀት ናይለን መልበስ እንዴት እንደቻሉ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ላባቸው በጀርባቸው ካርታ ይሥል ነበር። ሴቶቹ ስስ ድሪያ ቀሚስ፣ እኔ ቱታ። እናቴ «ይቺ ልጅ ባል አታገኝም» እያለች ታዝን ነበር፤ አገኘሁ፣ ያውም ሁለት። ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ራዲዮው አንዴ ሶማልኛ፣ አንዴ ዓረብኛ፣ አንዴ ኦሮምኛ ይዘፍናል፤ ቋንቋውን የማያውቀውም ዜማውን አብሮ ያንጎራጉራል። መኪና ጥቂት ስለነበረ የእያንዳንዱን ድምፅ እናውቅ ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን ማን እንደመጣ እንናገራለን።

ከሁሉም የምትታወቀው ወንድሜ የሚነዳት ነበረች። ባለቤቷ የመናዊ የቡና ነጋዴ ነው፤ ሙክታር ሾፌሩ። አሜሪካን ሠራሽ፣ ስምንት ፒስተን፣ ውጭዋ የወተት ቀለም፣ ወንበሯ ቀይ። ከስፋቷ የተነሳ «መርከቧ» ነበር የምንላት። ነጋዴው አንድ ቀን ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጦ «የእኔ መኪና የሁለት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት» ብሎ ተናገረ። ከተቀመጡት አንዱ ጋሪ ነጂ ነበርና «ሁለት መቶ ፈረስ? እኔ አንዱን መመገብ አቅቶኛል፤ ገብሱን ማን ይችለዋል?» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ በሳቅ ተጀመረ፤ እያደር ግን የጭነት ሾፌሩም፣ የታክሲ ሾፌሩም የራሱን ፈረስ ይቆጥር ጀመር። እንለካ ተባለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳውን ሰንጥቆ የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ ነበረ፤ መጨረሻው ላጋው ነው፣ ማለትም በጋውን አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርመው ደረቅ ወንዝ። አራት መቶ ሜትር ከቆመበት ተነስቶ ማን ቶሎ ይጨርሳል? ጨዋታው ይኸው ነው። ስቶፕ ዎች ያለው ሰው ሲፈለግ ከትምህርት ቤት የወሰድኩት እኔ ጋ ተገኘ። ሴት ልጅ ሾፌሮች መሀል ቆማ ምን ታደርጋለች ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ፤ ሰዓቱን አልሰጣችሁም ስል ቦታ ለቀቁልኝ።

አሁን የምናገረውን ነገር ከነበሩት ሰዎች የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። የመጨረሻውን ምልክት ያኖሩት ሐጂ ዑመር ይባሉ ነበር፤ አንቱታ በማታውቀው ከተማ አንቱ የተባሉ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የጅቡቲን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ያረጁ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ሌላው ሁሉ ከመነሻው ጀምሮ አራት መቶ ሜትር ሊለካ ሲል ሐጂ እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው ላጋው ዳር ሄዱና ቆሙ። ሙክታርን «መርከቧን በሙሉ ኃይሏ አምጣትና እዚያ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዝ» አሉት። ያዘ። ጎማዋ አስፋልቱ ላይ የተወውን ጥቁር መሥመር በገመድ ለኩ፤ የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ያንን ልክ እጥፍ አድርገው ከላጋው አፋፍ ወደኋላ ሰፈሩና ገመዱ ባለቀበት ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አስቀመጡ። «አንዱ ለፍሬኑ፣ አንዱ ለሰው ስህተት» አሉ። መነሻው ከድንጋዩ ወደኋላ አራት መቶ ሜትር ተቆጥሮ በኋላ የመጣ ነው። እንግዲህ ድንጋዩ የተሰፈረው ለላጋው ነበር፤ እሽቅድምድሙ ነው ለድንጋዩ የተሰፈረው።

እሁድ እሁድ፣ ሱብሂ ተሰግዶ ፀሐይ ሳትወጣ እንሄዳለን። ድሬ አንዴ ፀሐይዋ ከወጣች ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሁለት መቶው ፈረስ ረፋድ ላይ መቶ ሰባ ይሆናል። በአንዱ እሁድ ሙክታር አሥራ ሰባት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድንጋዩን አለፈ። ሰዓቷን ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ተሸክመው ነው ወደ ከተማ ያስገቡት። ያን ቀን ከዚራ ላይ ሻይ የከፈለ ሰው የለም፤ ሁሉም በሙክታር ስም ጠጣ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። አንዳንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በአንድ ጠዋት ላይ ነው፤ የእኔ ወንድም ከነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ቤንዚን በሰልፍ ሆነ፣ ነጋዴው ሄደ፣ መርከቧ የት እንደደረሰች እንጃ። ሐጂም ሞቱ። ለመንገዱ አዲስ ድልድይ በሌላ በኩል ተሠራና አሮጌው መንገድ ለፍየሎች ቀረ። ሙክታር ግን በየዒዱ አንድ ቆርቆሮ ኖራ ይዞ ይሄድና ድንጋዩን ነጭ ቀብቶ ይመለሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «የአባቱን መቃብር እንኳን እንዲህ አይቀባም» ትል ነበር።

ከባጃጁ ወርጄ ዕቃዬን እንኳን ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ሙክታር ግቢ ገባሁ። ከሰዓት ነበርና በረንዳው ላይ በርጫ ተጀምሯል። ወንድሜ ሽርጡን አገልድሞ፣ ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ ጉንጩን ሞልቶ ተቀምጧል። ረምዚ ስልኩን ይዞ ለሦስት ጓደኞቹ ያስረዳል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ታይዋን ሰፈር የስልክ መጠገኛ አለው፤ ሳቁ የአያቱ ሳቅ ነው፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ። በሩ ላይ የቆመችው መኪና ማርክ ቱ ናት፤ መሪዋ በቀኝ፣ ሞተሯ ባለ ቱርቦ። «ቲቸር፣ ነይ ተቀመጪ፤ ሒሳብ ልንገርሽ» አለኝ። «ሰው ጉልበቱን እጥፍ ካደረግኩ ሰዓቱ ግማሽ ይሆናል ይላል አይደል? ውሸት ነው። ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጊው ከሰዓቱ የሚቀንስልሽ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ሰዓቱን ግማሽ ላድርግ ካልሽ ስምንት እጥፍ ፈረስ ያስፈልግሻል።»

«ታዲያ ያንተዋ ስንት አላት?» አልኩት።

«ሁለት መቶ ሰማንያ። ከባባ መርከብ ደግሞ ትቀላለች። አሥራ አራት ተኩል እገባለሁ ኢንሻላህ። ወደ አሥራ ሁለት ለመውረድ ግን ወደ አምስት መቶ ፈረስ እፈልጋለሁ። እያንዳንዷ ሰከንድ ከበፊቷ የበለጠ ትበላለች፤ ይገባሻል?»

«ባባ» የሚለው አያቱ ሙክታር በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ይህ ሁሉ ፈረስ ግቢያችን ውስጥ የታሠረ መሰለኝ። «እሺ፣ ድንጋዩን ካለፍክ በኋላ ለመቆም ስንት ሜትር ይፈጅብሃል?» አልኩት። የረምዚ ጓደኞች ተያዩና ሳቁ። «አቦ ቲቸር፣ መቆምን ማን ይለካል» አለ አንዱ። ረምዚም «ፍሬኔ አዲስ ነው፣ አብሽሪ፣ አትስጊ» አለኝ። አርባ ዓመት ሩጫ ያስተማረ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። የትምህርት ቤታችን ሜዳ መጨረሻ ላይ ግንብ ነበር፤ መሥመሩን ከግንቡ ራቅ አድርጌ ባላሠምር ኖሮ ስንት ጥርስ እዚያ ይቀር እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ፍጥነት በአንድ አምስተኛ ቢጨምር የመቆሚያው መንገድ ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ይህን ነገርኳቸው። ሙክታር ጫቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛውሮ «ሩቂ፣ አንቺ ሰዓትሽን ያዢ» አለኝ።

በማግሥቱ ያንኑ ባጃጅ ይዤ አሮጌው መንገድ ሄድኩ። እዚያ ከረገጥኩ ዘመን አልፏል። በመነሻው በኩል መጋዘን ተሠርቷል፤ ግንቡ መነሻው ድረስ መጥቶ ቆሟልና ከዚያ ወደኋላ ፈቀቅ የሚባልበት ቦታ የለም። ድንጋዩ በቦታው ነው፣ ኖራው ያበራል። ከድንጋዩ ወዲያ ስመለከት ግን ቆሜ ቀረሁ። መኪኖቹን ካቆምን በኋላ ሥራቸው የምንቀመጥባቸው ሦስት የሮቃ ዛፎች ነበሩ፤ አንዱም የለም። የቆሙበት መሬት ራሱ የለም። በቢዮ አዋሌ በኩል ደጋው ላይ በዘነበ ቁጥር፣ እዚህ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር አፋፉን ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። ይህን ሁሉ ዓመት ላጋው ወደ ድንጋዩ እየመጣ ነበር ማለት ነው። የአስፋልቱ ጫፍ እንደተገመጠ ዳቦ ተንጠልጥሏል፤ ሥሩ ባዶ ነው፤ ከታች አሸዋው ሁለት ሰው ያህል ይጠልቃል። ባጃጅ ነጂው ከኋላዬ መጥቶ ወደ ታች አየና «ያ ረቢ» አለ። በገመድ ከተለካው ግማሹ እንኳን አልቀረም። በዚህ ምድር ላይ በየዓመቱ እየመጣ ድንጋዩን የሚቀባ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ፊቱን ወደ ድንጋዩ አድርጎ ነው የሚቀባው። ዞር ብሎ አላየም።

ለሙክታር ነገርኩት። ለብቻው፣ ቀስ ብዬ፣ ሐጂ ዑመር እንዴት እንደሰፈሩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስታወስኩት። «ድንጋዩን ወደዚህ አምጣው፤ ከሦስት መቶ ሜትር በታች ይሽቀዳደሙ፤ ምን ይቀርባቸዋል?» አልኩት። ወንድሜ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያሸ ጀመር። ከዚያ «ድንጋዩ ከተነካማ የእኔ ሰዓት ከምን ጋር ይለካል?» አለ። «ልጁ የእኔን ሰዓት ሊሰብር ነው የሚፈልገው። በአጭር መንገድ ከሰበረው ሰበረ ይባላል? እኔስ ነበርኩ ይባላል?» ተቆጣሁ። «የልጅ ልጅህን ላጋ ውስጥ ልታገኘው ነው የምትፈልገው?» አልኩት። «አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ለረምዚም ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ አቅፎ ግንባሬን ሳመኝና «ባባ እኮ በመርከቧ ቆሟል» አለ። እኔም እሁድ ሰዓቴን ይዤ ሄድኩ። ባልሄድ በስልካቸው እንደሚለኩ ነግረውኛል፤ ካልቀረ እዚያው ሆኜ ልየው አልኩ።

ሰው ብዙ ነበር። ከሳቢያንም፣ ከመጋላም፣ ከሽንሌ ሳይቀር መጥቷል። በእኛ ጊዜ ሰው ሲጠብቅ ያንጎራጉር ነበር፤ እነዚህ ስልካቸውን ወደ ላይ ቀስረው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ዝምታው ደስ አላለኝም። ለሙክታር ወንበር አምጥተውለት ከእኔ ጋር ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ። ሐርላ በኩል ያለው ተራራ ራሱ ላይ ደመና ጠምጥሟል። ነጭ መሐረብ ወረደ፤ ሰዓቷን ተጫንኩ። ማርክ ቱ ስትመጣ መርከቧ ትመጣ እንደነበረው አይደለም። መርከቧ እያጓራች፣ እየሰፋች ነበር የምትመጣው፤ ይቺ እያፏጨች መጣችና ገና መጣች ስል አለፈች። አውራ ጣቴ በልማዱ ተጫነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት የለካው የለም። የኋላ መብራቷ ቀይ ሆነ፤ አቧራው ተነሳ፤ ጎማው እንደታረደ ነገር ጮኸ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ሙክታር ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም፤ ያለ ከዘራ ሲሮጥ ግን አየሁት። አቧራው ሲወርድ መኪናዋ አለች። የፊት ጎማዎቿ በተንጠለጠለው አስፋልት ላይ፣ ወደ ጫፉ አንድ ክንድ እንኳን ሳይቀራቸው ቆመዋል። ረምዚ በሩን ከፍቶ ወጣና እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። «ቆምኩ እኮ! አያችሁ?» አለ። ሕዝቡ ተሸከመው። ሁለት ልጆች መኪናዋን ወደኋላ ጎትተው ካወጧት በኋላ የአስፋልቱ ጫፍ ተቆርሶ ወደ ላጋው ወደቀ። ድምፁን የሰማነው ሙክታርና እኔ ብቻ ነን፤ የቀረው ሰው እየጨፈረ ነበር።

አሥራ አራት ከግማሽ። እንዳለውም ገባ። ወንድሜ ያን ቀን በርጫ ላይ አልተቀመጠም፤ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። በመሸ ጊዜ አስጠራኝና «ሩቂ፣ ድንጋዩን እናንሳው» አለኝ። ተደሰትኩ። ረምዚን ጠርቶ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ለማኝ ነበር የለመነው፤ «የእኔ ሰዓት እንደሆነ ተሰብሯል፤ አሁን ይነሳ» አለው። ረምዚ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ቁም ነገር መሆኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ባባ፣ እኔ ያንተን የሰበርኩት ድንጋዩ እዚያው እያለ ነው። የእኔን የሚሰብር ሰውም ከዚያው ይምጣ» አለ። «ደግሞ ቆሜያለሁ። በዓይንህ አይተሃል።» በዚያው ሳምንት ልጆቹ ድንጋዩን ሥሩን ቆፍረው በሲሚንቶ አሠሩትና የረምዚን ሰዓት በቀይ ቀለም ጻፉበት። ከጅጅጋ አምስት መቶ ፈረስ ያላት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳለም ተወራ። ረምዚም ሞተሩን አስፈትቶ ትልቅ ቱርቦ አስገጠመ። እያንዳንዷ ሰከንድ ከበፊቷ የበለጠ ትበላለች ያለው እሱ ራሱ ነው።

የጅጅጋው ሰው የመጣ ዕለት ሰዓቷን እቤት ትቻት ሄድኩ። ድንጋዩ ጋ አልቆምኩም። አልፌው ሄጄ፣ ከድንጋዩና ከላጋው መሀል፣ መንገዱ ላይ ፊቴን ወደ መነሻው አድርጌ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ሙክታር አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ እሱም ፊቱን ወደ መነሻው አዞረ። ልጆቹ መጀመሪያ ለመኑን። ከዚያ ተቆጡ። አንዱ ሊያነሳኝ ክንዴን ሲይዝ «እኔ ነኝ እኮ መሮጥ ያስተማርኩህ» አልኩት፣ ለቀቀኝ። መነሻው ላይ ሁለቱ ሞተሮች ለረጅም ጊዜ አጓሩ፤ ከርቀት የረምዚ ፊት አይታየኝም፤ የሚታየኝ የመኪናዋ መብራት ብቻ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ አንደኛው ሞተር ጠፋ፤ ቀጥሎም ሌላው። የጅጅጋው ሰው «የእብድ አገር» ብሎ ሄደ። ረምዚ አያቱን አላናገረም።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እንሄዳለን። ሱብሂ ሰግደን፣ ባጃጅ ተሳፍረን፣ እዚያ ሄደን እንቆማለን። አንዳንዴ ማንም አይመጣም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ባዶ መንገድ ላይ ቆመን ፍየሎች እናያለን። አንዳንዴ መኪኖቹ ይመጣሉ፣ ያዩናል፣ ይመለሳሉ። ዘንድሮ ክረምቱ ከገባ በኋላ ላጋው ሁለቴ ሞልቶ መጥቷል፤ የምንቆምበት ቦታ እየጠበበ ነው። ከተማው ይስቅብናል፤ «ሙክታር ፍሬን ሆነ» ይላሉ። ይሳቁ። ለቀበሌ ነግሬያለሁ፤ መንገዱ ከመዝገብ የወጣ ነው፣ የማንም አይደለም አሉኝ። የእኔና የወንድሜ ጉልበት ግን ምን ያህል ነው? እኔ ሲነጋ ወገቤ አይዘረጋም። ሙክታር ደግሞ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ተኝቷል፤ ሐኪሙ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል አለ፤ ከአልጋ መነሳት ክልክል ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት ረምዚ መጣ። ወራት ሙሉ ሰላም እንኳን ሳይለኝ ቆይቶ ዛሬ ፓፓያ ይዞልኝ ነው የመጣው። ስለ አያቱ ጤንነት ጠየቀኝ፤ ዓይኑ እውነት እንባ አቅርሯል፣ ልጁ አያቱን ይወዳል፣ እሱን አልዋሽም። ሻይ አፈላሁለት። ጠጣ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ወለሉን እያየ «ነገ ብቻሽን ትወጪያለሽ ቲቸር?» አለኝ።

«እወጣለሁ» አልኩት።

መኪናዋ በሬ ላይ ናት፤ ያ ሽታ እስከ ሳሎኑ ገብቷል። ሊወጣ ሲል ጫማውን እያጠለቀ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ስንት ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልነገርኩትም።